ስለ ብሎኬት ቤት አሠራር፤ ከመሠረት እስከ ጣራ

ለሰው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ምግብ፥ ልብስና መጠለያ መሆናቸውን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ይሁን እንጂ መጠለያው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳን ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኔ ወላጆቼ በአሶሳ ከተማ ቤት ሲሠሩ ከመሠረቱ እስከ ጣራው አብሬ ስለ ሠራሁ፥ ከግንበኛውና ከአናጢው ያየሁትን በክፍል ከተማርነው ጋራ አያይዤ ለአንባብያን ላቀርብ አስቤአለሁ።

በክልላችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከጥንት ጀምሮ ቤት የሚሠራው ከቀርከሃና ከሣር ነው። የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን በመሆኑ ብርቱ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይሠራበታል። ጠላቱ ግን ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ ቀርከሃውንም እንጨቱንም ስለሚበላ፥ ቤቱ በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል። ዐቅም ያገኘ ሰው ወደ ብሎኬት የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው።

ግንበኛው መሠረቱን ሲቀይስ ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንዱ ክር ላይ 3 ሜትር፥ በሌላው ክር ላይ 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ይህም በሒሳብ ክፍል የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል።

አንድ ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ስለዚህ ለ1 ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ብሎኬት ያስፈልጋል፤ 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ 150 መሆኑ ነው። ይሁንና ብሎኬት ብቻውን ቤት አይሆንም። በየማዕዘኑ፥ በበርና በመስኮት በላይ፥ እንዲሁም በግድግዳው ጫፍ ዙሪያውን አርማታ ይሞላል። ሲሚንቶ፥ አሸዋ፥ ጠጠርና ውሃ ተዋሕደው ሲጠነክሩ ክብደት ይችላሉ፤ ሲሳቡ ግን ይሰነጠቃሉ። ብረት ደግሞ መሳብን ይችላል። ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን ስለሚቀራረብ አብረው ይኖራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የውሃ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋራ በኬሚካል ሲዋሐድ ነው። በሚቦካበት ጊዜ ውሃው ከበዛ፥ ትርፉ ሲተን ቀዳዳ ይተዋል፤ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ይበቃል። ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት። ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። በክልላችን በጉባ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋና ግንብም የጠነከረው በዚሁ በሲሚንቶና በውሃ ውሕደት ነው።

በአሶሳ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጣራው መግጠም ስላለበት ሥራው በበጋ ይሠራል፤ በጋ ደግሞ ፀሐዩ የሚበረታበትና ውሃ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። አባቴ 12 ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ ሲመናመን ውሃ መግዛቱን ትቶ፥ በቀረችው ሲሚንቶ ሊጨምር ዐሰበ። ግንበኛው ግን፥ «ጋሼ፥ ገንዘቡን ለውሃ ያውሉት፤ ሲሚንቶ ያለ ውሃ ዐመድ ነው» አለው። ስለዚህ እኔና እኅቴ ጧት ከትምህርት በፊት፥ ማታም ከትምህርት በኋላ በጀሪካን እያመላለስን አጠጣን፤ አርማታውንም በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው። በሠፈራችን በቂ ውሃ ያልጠጣ አርማታ አለ፤ በሚስማር ሲጫር እንደ ዱቄት ይረግፋል። የእኛው ግን ሚስማሩን መለሰው።

ጣራው ቀላል ስለ ሆነ የሚያሰጋው ክብደቱ ሳይሆን ነፋስ ከሥር ገብቶ እንዳያነሣው ነው። ስለዚህ አርማታው ሲሞላ ጫፉ ወደ ላይ የወጣ ብረት ይተዉና እንጨቱን አጥብቀው ያሥሩበታል። ቆርቆሮው የሚመታው በጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ክዳኑም ከግድግዳው አልፎ ቢወጣ ዝናብ ግድግዳውን አይመታም። ቤቱ ካለቀ በኋላም ምስጥ በግድግዳው ላይ የጭቃ መንገድ እየሠራ ወደ ጣራው እንጨት ሊወጣ ስለሚችል፥ በየጊዜው እየተመለከቱ ማፍረስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወላጆቻችን ቤት ሲሠሩ እኛ ተማሪዎች ገንዘብ ባይኖረንም የምንረዳበት ነገር አለን። ማዕዘኑን ለክተን፥ ብሎኬቱን ቈጥረን፥ የውሃውን መጠን ጠብቀን፥ ለ7 ቀንም ሳንሰለች አርማታውን ብናጠጣ፥ የብዙ ዓመት ድካማቸው በከንቱ አይቀርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፥ ግንበኛው የካሳ ፎርማውን እንጨት ቶሎ ላንሣ ቢል እንኳ፥ «ቀኑ አልሞላም» ለማለት አንፈር።