በዴንቨርና በአውሮራ የሽጉጥ ፈቃድ ጠያቂን ፖሊስ መቼ ሊከለክል ይችላል?

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ዴንቨርና አውሮራ፣ ሽጉጥን በልብስ ሸፍኖ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ያስፈልጋል። የዴንቨር ነዋሪ የሚያመለክተው ለከተማዋ ፖሊስ ነው። አውሮራ ግን በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች የተዘረጋች በመሆኗ፣ ነዋሪዎቿ ለሚኖሩበት ካውንቲ ሸሪፍ ያመለክታሉ።

እነዚህ ባለሥልጣናት አመልካችን የመከልከል ሥልጣናቸው እስከ ምን ድረስ ነው?

በአውሮፓውያኑ 2003 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ እንደሚለው፣ 21 ዓመት የሞላው፣ የወንጀል ማጣሪያውን ያለፈና ሥልጠና የወሰደ ነዋሪ ፈቃዱ ይሰጠዋል። «ለምን አስፈለገህ?» ተብሎ በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም። ኒው ዮርክ ይህን ትጠይቅ የነበረ ቢሆንም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መስፈርቱን በ2022 ሽሮታል።

የኮሎራዶ ሕግ ለሸሪፉ ውሳኔ የተወው ጉዳይ ግን አለ። የአመልካቹ የቀድሞ ድርጊት በራሱ ወይም በሌሎች ላይ አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል ካሳየ፣ ሸሪፉ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ ይችላል። ድርጊቱ ግን በሰነድ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሐሜት ወይም ባዶ ጥርጣሬ አይበቃም።

ውሳኔው በ90 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ውሳኔው ዳግም እንዲታይለት መጠየቅ ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በችሎት የማስረዳት ሸክሙ የሸሪፉ ነው፤ «አደገኛ ነው» ብሎ ከከለከለ ደግሞ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ሾትጋንስ?

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ግዴታ ነው። በኮሎራዶ ግን ተራ ሾትጋን ለመግዛት የፖሊስ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የገዢው ማንነት ተጣርቶና የሦስት ቀናት መጠበቂያ ጊዜው አልፎ ግዢው ይፈጸማል። ካርታው የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ ሾትጋን ግን ይለያል። ከኦገስት 1/2026 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን በተደነገገው ሕግ መሠረት፣ ገዢው ከሸሪፍ ካርድ አውጥቶ ሥልጠና መውሰድ አለበት።

ለስደተኞች ከሸሪፉ ውሳኔ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። የግሪን ካርድ ባለቤት መሣሪያ እንዳይኖረው በዜግነቱ ምክንያት ብቻ አይከለከልም። ሕጋዊ የመኖሪያ ሰነድ የሌለውና፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን መሣሪያ ይዞ ከተገኘ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።