በቦንጋ ደን ግንድ ላይ ያለው በረሃ

በካፋ ምድር ውኃ ብርቅ አይደለም። በቦንጋና በዙሪያዋ የዝናቡ ወቅት ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በጋ የሚባሉት ወራት እንኳ አልፎ አልፎ ካፊያ አያጡም። በእንዲህ ያለ አገር ሳኩለንት፣ ማለትም ውኃን በቅጠሉ ወይም በግንዱ የሚያጠራቅም ተክል፣ ሳሎን ውስጥ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ምክር ለሌላ አገር አየር የተጻፈ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አጠጣ፣ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር አስቀምጥ ይላል። ሁለቱም ቦንጋ ላይ አይሠሩም። የተሻለው አስተማሪ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ የሚገኘው ደን ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት በመዘገበው የካፋ ደን ውስጥ የሚያልፍ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከታች ባለው ቡና ላይ ነው፤ አገሩ የቡና መገኛ ነውና አይፈረድበትም። ቀና ብሎ የዋንዛውን ወይም የቀረሮውን ቅርንጫፍ ቢመለከት ግን ሌላ መንደር ያገኛል። የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፣ ፈርን ተደርድሯል፣ ኦርኪድ ሥሩን በቅርፊቱ ላይ ዘርግቷል። ከእነዚህ መካከል ቁመቷ ከጣት የማይበልጥ፣ ቅጠሎቿ ወፍራምና ክብ የሆኑ አንዲት ትንሽ ተክል አለች። ፔፐሮሚያ ትባላለች። የቅጠሏ የላይኛው ክፍል ውኃ ብቻ በሚይዙ ጥርት ያሉ ሴሎች የተደራረበ ነው፤ ድርቀት ሲመጣ እነዚህ ሴሎች እየሟሸሹ ያላቸውን ውኃ ከታች ላለው አረንጓዴ ክፍል ያካፍላሉ። ዘመዶቿ በአዲስ አበባ የአበባ መሸጫዎች ለቤት ማስጌጫነት ይሸጣሉ።

ዝናብ በማይጠፋበት ደን ውስጥ አንድ ተክል ለምን ውኃ ያከማቻል? መልሱ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ዝናብ አፈር ውስጥ ሰርጎ ለቀናት ይቆያል። ግንድ ላይ የወደቀው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ዳመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይና ነፋስ ቅርንጫፉን ሲያገኙት የቀረችው እርጥበትም ትተናለች። ስለዚህ ግንድ ላይ የሚኖር ተክል በአንድ ቀን ውስጥ ሊርስ፣ በዚያው ቀን ሊደርቅ ይችላል። ዙሪያው ደን ቢሆንም ለሥሩ ግን ኑሮው በረሃ ነው።

ይህ ኑሮ ቁልቋል መሰል ተክሎችን ጭምር ስቧል። እውነተኞቹ ካክተሶች ትውልዳቸው አሜሪካ ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚበላው በለስም ከዚያው የመጣ ነው። ነባሩ ቁልቋላችን ደግሞ ምንም ቢመስላቸው ከእነርሱ ወገን አይደለም፤ ነጭ ወተት የሚያወጣ ዩፎርቢያ ነው። ከካክተስ ወገን በተፈጥሮው አፍሪካ ውስጥ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ሪፕሳሊስ ይባላል። በኢትዮጵያም ይበቅላል። እሾህ የለውም፤ እንደ አረንጓዴ ገመድ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ዘሩ የሚያጣብቅ በመሆኑ ከአሜሪካ ውቅያኖስ አቋርጠው ያመጡት ወፎች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ከዓለም ካክተሶች ሁሉ ወደዚህ አህጉር ዘልቆ የተደላደለው በዛፍ ላይ መኖር የለመደው መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከደኑ የምንወስደው ትምህርት ሳኩለንት ውኃ አይወድም የሚል አይደለም። ግንድ ላይ ያለችው ፔፐሮሚያ በክረምት በየቀኑ ትርሳለች፤ አትበሰብስም። የሚያድናት ውኃው ወርዶ ወዲያው አየር ሥሯን ማግኘቱ ነው። ሥር ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት 10 ሺህ ጊዜ ያህል ባነሰ ፍጥነት ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውኃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ይሞታል፤ የሞተውን ሥር የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕዋሳት ይወርሩታል። ከላይ የሚታየው ግን ቅጠል ሲጠወልግና ሲለሰልስ ነው። ባለቤቱ ተክሉ የተጠማ መስሎት ውኃ ይጨምርለታል። በክረምት ቤት ውስጥ ያሉ ሳኩለንቶችን ከሁሉም በላይ የሚገድላቸው ይህ ደግነት ነው።

የካፋ ቀይ አፈር ለእንሰትና ለቡና የተመቸ፣ እርጥበት የሚይዝ አፈር ነው። ይህንኑ አፈር ቆፍሮ በቀለም ባልዲ ውስጥ ሞልቶ እሬት መትከል ግን ተክሉን ጭቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ችግሩን ለመፍታት ከታች ጠጠር ይደለድልና ከላይ ያንኑ አፈር ይሞላል። ይህ አይረዳም። ጥሩ አድርጎ የራሰን ስፖንጅ አንጠልጥላችሁ ብታዩ ውኃው ከወረደ በኋላ እንኳ የታችኛው ጫፍ እንደረጠበ ይቀራል፤ ደቃቅ አፈርም እንዲሁ ከሥሩ አንድ የረጠበ ንብርብር ይዞ ይቀራል፤ ወደ ጠጠሩም አያወርደውም። ጠጠሩ ያንን ንብርብር ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያጠፋውም። መድኃኒቱ ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ነው። ግማሹ ሻካራ አሸዋ፣ ደቃቅ ጠጠርና የከሰል ስብርባሪ፣ ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት አፈር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለፔፐሮሚያና ለሪፕሳሊስ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪም ይጨመርበታል። ማስቀመጫው ያልተቀባ ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጎኑ እርጥበት ያስወጣል። ጣሳ ወይም ጀሪካን ከሆነም ከታች ብዙ ቀዳዳ መበሳት የግድ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠው ሳህን ላይ የተጠራቀመው ውኃም ይደፋ።

መቼ እናጠጣ? ቀን ቆጥሮ ማጠጣት ቦንጋ ላይ ያሳስታል፤ ያው ማሰሮ በጥር በጥቂት ቀናት የሚደርቀውን ያህል በሐምሌ በብዙ ሳምንታት ላይደርቅ ይችላል። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ድረስ ሰክቶ ማውጣት ይቀላል። እንጨቱ አፈር ይዞ ከወጣ መጠበቅ ነው። ደርቆ ከወጣ ከታች እስኪወርድ ድረስ በደንብ ማጠጣት፣ ከዚያ እንደገና እስኪደርቅ መተው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጠብ ማድረግ ግን ዝናቡም ሆነ ግንዱ የማያደርጉት ነገር ነው።

እነዚህ ተክሎች ጥማትን የሚችሉበት ሌላም ዘዴ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1815 በታተመ ደብዳቤው ላይ ሕንድ ይኖር የነበረው ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ቤንጃሚን ሃይነ አንድ የሚገርም ነገር ጻፈ። የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ማለዳ ሲቀመስ ይጎመዝዛል፤ እኩለ ቀን ላይ ጣዕሙ ይጠፋል። ምክንያቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ተደረሰበት። አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፤ በዚያው በር ውኃው ይተናል። እንዳሁላና እሬት ግን በሩን የሚከፍቱት በሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ያስገቡትን ጋዝ ማሊክ አሲድ አድርገው ያከማቹታል፤ ሃይነ ማለዳ የቀመሰው ጉምዛዜ እሱ ነበር። ሲነጋ በሩን ይዘጉና አሲዱን እየፈቱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠሩበታል። ሳይንስ ይህን መንገድ እንዳሁላ ባለበት ቤተሰብ ስም ሰይሞታል። በዚህ መንገድ የሚኖር ተክል 1 ግራም ደረቅ አካል ለመሥራት ከ50 እስከ 100 ግራም ውኃ ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ ሌሎች ተክሎች ከ400 ግራም በላይ ያወጣሉ። የቁጠባው ዋጋ አዝጋሚ እድገት ነው፤ በአንድ ክረምት አንድ ቅጠል ብቻ የጨመረ እሬት አልታመመም። ቅጠሉን እየቀመሱ መሞከር ግን አይገባም፤ በእንዳሁላ ወገን ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው አሉና።

ብርሃኑ ላይ ሲደርስ የጂኦግራፊ ጉዳይ ይመጣል። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በአውሮፓ የሚመሰገነው የደቡብ መስኮት እዚህ በክረምት፣ ብርሃን እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ አያገኝም። ፀሐይዋ ከፍ ስለምትልም የቆርቆሮው ጣሪያ ክፈፍ ይጋርዳታል። ለዚህ ነው ምሥራቅ የሚያየውን መስኮት የምመርጠው፤ የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ከክፈፉ ሥር ትገባለች፣ ዓመቱን ሙሉም ትገኛለች። ብርሃኑ መብቃቱን ለማወቅ እጅን ከተክሉ በላይ ዘርግቶ ጥላውን ማየት ነው። ጠርዙ የተለየ ጥላ ከወደቀ ለእሬት ይበቃል፤ ጥላው የደበዘዘ ከሆነ ፔፐሮሚያን እንጂ እሬትን አያኖርም። ብርሃን ያነሰው እንዳሁላ አንገቱን እያስረዘመ፣ ቅጠሎቹን እያራራቀ ወደ መስኮቱ ይጎብጣል፤ የረዘመው ተመልሶ አያጥርም፣ ቆርጦ እንደገና መትከል ብቻ ነው።

መቁረጥ ደግሞ ከዚህ ሥራ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ነው። የእንዳሁላን ጫፍ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት አቆይቶ፣ በእርጥብ ሳይሆን እምብዛም ባልራሰ አሸዋማ አፈር መትከል ነው። ሳይደርቅ የተተከለ ቁስል ለብስባሽ በር ይከፍታል። ቁልቋል ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባም ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ባይገባ ይሻላል። ፔፐሮሚያን የሚፈልግም ከቆመ ዛፍ ላይ አይላጣት። ነፋስ ጥሎት መንገድ ዳር ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ቁራጭ ትበቃለች፤ በቅጠሏ ብቻ እንኳ ሥር ታወጣለች፣ በአንድ ዓመት ውስጥም ለጎረቤት የምትተርፍ ትሆናለች።