ስለ በቀልና ስለ ፍርድ

በቀልና ፍርድ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በደለኛውን ይቀጣሉና። ነገር ግን በቀል ሳይሰማ ይቀጣል፤ ፍርድ ግን ሰምቶና መርምሮ ይቀጣል፥ ጥፋት ያላገኘበትንም ይለቃል። ይህን ልዩነት ለማወቅ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ የተደረገውን ፍርድ መመልከት ይጠቅማል።

ጦርነቱ በአውሮፓ በሚያዝያ መጨረሻ 1937 ዓ.ም. ሲያልቅ ሂትለር ራሱን ገድሎ ነበር፤ ከሹማምንቱ ግን ብዙዎች ተማረኩ። እነርሱም የጎረቤትን አገር በግፍ የወረረ፥ ስድስት ሚሊዮን የሚያህሉ አይሁድንም የፈጀ መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። ከድል አድራጊዎቹ መካከል ያለ ፍርድ ይረሸኑ ያሉ ነበሩ። ሆኖም እንግሊዝ፥ አሜሪካ፥ ፈረንሳይና መስኮብ ነሐሴ 2 ቀን 1937 ዓ.ም. በሎንዶን ተስማምተው የፍርድ ቤቱን ሥርዐት ጻፉ። ኋላም ሌሎች 19 መንግሥታት በስምምነቱ ገቡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዲቱ ነበረች።

ችሎቱ ኅዳር 11 ቀን 1938 ዓ.ም. ተከፈተ። አራቱ መንግሥታት እያንዳንዳቸው አንድ ዳኛና አንድ ምክትል ሰጡ፤ የዳኞቹም አለቃ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሎረንስ ነበረ። ማንንም ጥፋተኛ ለማለት ከአራቱ ዳኞች የሦስቱ ቃል መስማማት ነበረበት። የክሱም ነገር አራት ነበረ፤ እርሱም ለክፋት መዶለት፥ በግፍ ጦርነት ማንሣት፥ የጦርነትን ሕግ መተላለፍ፥ በሰው ልጅም ላይ ግፍ መሥራት ነው።

ተከሳሾቹ ክሱን በቋንቋቸው ተጽፎ ተቀበሉ፤ ጠበቃም ከገዛ አገራቸው ሰዎች መረጡ። ጥፋተኛ ነህን ተብለው በተጠየቁ ጊዜ አይደለሁም ስላሉ፥ ማስረዳት የከሳሾች ዕዳ ሆነ። የአሜሪካው ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ጃክሰንና ባልንጀሮቹም በምስክር ቃል ብቻ አልተመኩም፤ የጀርመን ሹማምንት ራሳቸው ጽፈው ፈርመው ያስቀመጡትን ወረቀት አቀረቡ። ምስክር ይረሳል ሊባል ይችላል፤ የገዛ እጅ ፊርማ ግን ባለቤቱን ይይዛል። እስረኞች ያለቁባቸውን ሰፈሮች የሚያሳይ ሲኒማም በችሎቱ ታየ። ነገሩም ሁሉ ወዲያው በአራት ቋንቋ ይተረጐም ነበርና እያንዳንዱ በጆሮው ላይ ባደረገው መስሚያ ይሰማ ነበር፤ ተናጋሪው ቢፈጥን ቀስ እንዲል ቢጫ መብራት ይበራለት ነበር።

ለክሱ 33፥ ለመከላከያውም 61 ምስክሮች ቆሙ፤ ከተከሳሾቹም 19ኙ ስለ ራሳቸው ተናገሩ። አለቃዬ አዘዘኝ የሚል ምክንያትም ቀረበ። ሥርዐቱ ግን የአለቃ ትእዛዝ ቅጣትን ያቀልል እንደ ሆነ እንጂ ከጥፋት ነጻ አያወጣም ይል ነበር፤ ሎሌ ጉልበቱን ለጌታው ቢሰጥ ኅሊናውን አልሰጠምና።

403 ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ መስከረም 20 እና 21 ቀን 1939 ዓ.ም. ፍርዱ ተነበበ። ከ22 ተከሳሾች፥ በሌለበት የተፈረደበት አንዱ ሳይቀር፥ በ12ቱ ሞት ተፈረደ፤ በ3ቱ የዕድሜ ልክ፥ በ4ቱም ከ10 እስከ 20 ዓመት እስራት ተፈረደ፤ 3ቱ ግን ነጻ ወጡ። በቀል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሦስቱ ባልዳኑም ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ ጉድለት የለበትም አይባልም። ዳኞቹ ሁሉ ከአሸናፊዎቹ ወገን ነበሩ፤ የአሸናፊዎቹም ጥፋት አልተመረመረም። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ከአውሮፕላን ስላዘነበችው መርዝ፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮም በአዲስ አበባ ስለ ፈሰሰው ደም፥ እንዲህ ባለ የዓለም ችሎት ፊት የቆመ አንድ ሹም እንኳ የለም። ሚዛን ለአንዱ ተዘርግቶ ለሌላው ቢታጠፍ የተበደለው ልብ አያርፍም። አባቶቻችንም፥ በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ብለዋል።

እንግዲህ፥ ተማሪ ሆይ፥ የበደለህን ሰው ከመቅጣትህ በፊት ስማው፤ ለዳኝነትም ብትቀመጥ ለወዳጅህና ለጠላትህ አንድ ሚዛን ይኑርህ።