ማሸት ያልሆነው ሕክምና

ልጅ ለመሄድ ሲዘገይ ቤተ ዘመዱ አስቀድሞ የሚለው «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው፤ ተዪው» ነው። ትንሽ ቆይቶ ወጌሻ ይጠራል፤ እግሩ ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል። ወደ ሕፃናት ፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ክፍል የሚመጡ ወላጆችም ብዙዎቹ የሚጠብቁት ያንኑ ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጌሻ። ባለሙያዋ ልጁን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ሰብስባ ዝም ብላ ስታየው ግራ ቢጋቡ አይገርምም።

ማየቱ ግን የሥራው ግማሽ ነው። የአሥር ወር ሕፃን እንውሰድ። ሲያዘነብል እጁን ዘርግቶ ራሱን ይደግፋል? ባለሙያዋ ባቄላ የገባበት ጣሳ አንኳኩታ በቀኙ ታስቀምጥለታለች፤ ያነሳዋል። በግራው ስታደርግለት ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ ያነሳዋል፤ ግራው እንደተጨበጠ ይቀራል። እናትየው እስከዚያች ቀን «ቀኙ ጎበዝ ነው» ስትል ኖራለች። ጤነኛ ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላው እጅ ለይቶ አይመርጥም። ከዚያ በፊት ባንዱ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ሌላው እምቢ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ ያለው እጁ ላይ ሳይሆን አንጎሉ ውስጥ ነው። ያለጊዜው መወለድ፣ በምጥ ጊዜ መታፈን፣ በወቅቱ ያልታከመ ከባድ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር፣ እነዚህ ሁሉ እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሊጎዱና ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ችግር ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ማሸት እዚህ ላይ ብዙም የማይፈይደው ለዚህ ነው። የታሸ እግር ይፍታታ ይሆናል፤ መራመድን ግን አይማርም። አንጎል የሚማረው ልጁ ራሱ ፈልጎ ሲሞክር፣ ሲስት፣ ደግሞ ሲሞክር ነው። የባለሙያዋ ጥበብም ልጁ እንዲፈልግ በማድረጉ ላይ ነው፤ ጣሳውን በጣም ብታርቀው ያለቅሳል፣ ብታቀርበው አይለፋም፤ ሊደርስበት ትንሽ የሚቀረው ቦታ ላይ ታኖረዋለች። እጁ ለደከመው ልጅ ደግሞ ጎበዙን እጅ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በጓንት መሸፈን ወይም ማሰር አለ። መጀመሪያ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥናት ውጤታቸው ከተረጋገጠላቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። የሚደረገው በባለሙያ ክትትል ብቻ ነው።

መቼ ነው ዘገየ የሚባለው? የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ሰፊ ነው፦ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻውን መሄድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ከመቶ አራት ያህሉ በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የሄዱት። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ ተብሎ የአሥራ አራት ወር ልጅን ማስጨነቅ አያስፈልግም። በዚህ በኩል «ተዪው» የሚሉት ዘመዶች እውነት አላቸው፤ የሚሳሳቱት ወሰኑ ካለፈ በኋላም «ተዪው» ሲሉ ነው።

ልጁ ቶሎ እንዲሄድ ተብሎ የሚገዛው ባለጎማ ዎከር ግን ከገንዘቡም በላይ ያስከፍላል። ልጁ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ይንሸራተታል እንጂ ሚዛኑን መጠበቅ አይማርም፤ ደረጃ ወይም ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥም አደገኛ ነው። ካናዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሸጡን ከልክላለች። ለእኔ የበርጩማን ያህል ጥሩ መሣሪያ የለም፤ ልጁ ተንበርክኮ ሳለ የሚወደውን ነገር በርጩማው ላይ ማኖር፣ ይዞ እንዲነሳ መተው። (ከአሻንጉሊት ሁሉ የእናት ስልክ ይበልጣል፤ ለዚህ ብቻ ከሆነ ይፈቀድለት።)

ክፍሉ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን የምትሠራው እናት ናት፣ ወይም አባት፣ ወይም ሞግዚት፤ ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ከልጁ ይልቅ ወላጁን በማስተማር ትደክማለች። ለቤት የሚሰጠውም ሥራ ከኑሮው ጋር የሚሄድ ነው፦ ልብስ ሲለብስ እጁን ራሱ እንዲያስገባ መጠበቅ፣ ሲያነሱት በጎኑ አገላብጦ ማንሳት፣ ገና ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀስ ላልጀመረ ሕፃን ደግሞ በነቃበት ሰዓት በሆዱ ማስተኛት። የዓለም ጤና ድርጅት በሆድ ማስተኛቱን በቀን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይመክራል፤ በአንዴ ሳይሆን እየከፋፈሉ። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ነው።

ልጃችሁ የዘገየ ከመሰላችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ? አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ያለ ሐኪም ወረቀት ራሳችሁ ደውላችሁ ነፃ ምርመራ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ይፈቅድላችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚቀርበው በር የክትባት ቀን ነው። በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ስትወስዱት ገና ብቻውን የማይቀመጥ ከሆነ እዚያው ለጤና ባለሙያዋ ንገሯት። 18 ወር ሞልቶት የማይሄድ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ የቻለውን ነገር የተወ ልጅ ግን የክትባት ቀን አይጠብቅ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።