ነጻ ዋይፋይ፦ ማን ያደምጣል? ማን ያስመስላል?

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። አንድ ስልክ ወደ ራውተር የሚልከው መረጃ በአቅራቢያው ላለ መሣሪያ ሁሉ ይደርሳል፤ ሌሎቹ የማይመለከታቸውን ይተዉታል እንጂ ሞገዱን የሚከልለው የለም። የይለፍ ቃል በማይጠይቅ ኔትዎርክ ላይ ደግሞ በስልኩና በራውተሩ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ምስጠራ አይኖርም።

ዘመድ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካዋ ሎረንስቪል የሚጓዝ ሰው እንዲህ ያለ ኔትዎርክ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ የሚበርበት የአትላንታው ሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ነጻ ዋይፋይ አለው። የጉዊኔት ካውንቲ መቀመጫ በሆነችው ሎረንስቪልም የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ዋይፋይና ኮምፒውተር በነጻ ያቀርባል። መንገደኛው የአሜሪካ ሲም ካርድ እስኪያወጣ ድረስ «በሰላም ገባሁ» ብሎ የሚደውለውም በዚሁ ነው።

የአደባባይ ዋይፋይ መጥፎ ስም ያተረፈው በቀድሞው የድረ ገጾች አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ባለሙያ ፋየርሺፕ የተሰኘ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙን የጫነ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ክፍት ዋይፋይ የሚጠቀሙ ሰዎችን የፌስቡክና የትዊተር ገጾች ከፍቶ መግባት ይችል ነበር። ብዙ ድረ ገጾች በወቅቱ የሚያመሰጥሩት የይለፍ ቃሉን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚውን የሚለየው ኩኪ በግልጽ ይመላለስ ነበር።

ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ኤችቲቲፒኤስ በተባለው ሥርዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመሰጠራሉ። ክሮም ብሮውዘርም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ያልተመሰጠረውን ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ያስጠነቅቃል። አጠገብ የተቀመጠ ሰላይ የትኛው ድረ ገጽ እንደተጎበኘ ሊያውቅ ይችል ይሆናል፤ የተጻፈውን ግን አያነብም። የዋትስአፕ መልእክትና ጥሪም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ ነው።

ስለዚህ አጥቂው ከማድመጥ ይልቅ ማስመሰልን ይመርጣል። የአውሮፕላን ማረፊያውን ወይም የሆቴሉን ዋይፋይ ስም የያዘ ሐሰተኛ ኔትዎርክ በትንሽ መሣሪያ ይዘረጋል። ስልክ የሚያውቀውን ስም ሲያገኝ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሊገናኝ ይችላል። ቀጥሎ የኢሜይል ወይም የፌስቡክ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ፖሊስ በፐርዝ፣ በሜልበርንና በአዴሌድ አውሮፕላን ማረፊያዎች እንዲሁም በበረራ ላይ እንዲህ አድርጓል ያለውን ሰው ከሷል።

ምስጠራ ከዚህ አያድንም፤ የይለፍ ቃሉን ለአጥቂው የሚሰጠው ባለቤቱ ራሱ ነውና። መከላከያው የኔትዎርኩን ትክክለኛ ስም ከሠራተኛ ወይም ከተለጠፈ ማስታወቂያ ማረጋገጥ፣ ለዋይፋይ ብሎ የኢሜይል የይለፍ ቃል የሚጠይቅን ገጽ መዝጋት፣ ብሮውዘሩ ስለ ገጹ ሰርተፍኬት ሲያስጠነቅቅ አለማለፍ ነው። ተጠቅመው ሲያበቁም ኔትዎርኩን ከስልኩ ማጥፋትና በራሱ እንዳይገናኝ ማድረግ ይገባል። ለቴሌግራም ወይም ለዋትስአፕ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ለማንም አይሰጥም። በሁለቱም ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ከጉዞ በፊት ቢከፈት፣ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ አካውንቱ በቀላሉ አይወሰድም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት በተዘጋበት ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተዋወቁት ቪፒኤን መረጃውን ከዋይፋዩ ባለቤት ይሰውራል። እምነቱ ግን ወደ ቪፒኤኑ ኩባንያ ይዛወራል፤ ማንነቱ ያልታወቀ ነጻ ቪፒኤን ስጋቱን ሊያባብስ ይችላል። ሐሰተኛ ገጽ ላይ የተሞላ የይለፍ ቃልንም አያስመልስም።

የጋራ ኮምፒውተር ከጋራ ዋይፋይ ይበልጥ ያሰጋል፤ የሚተየበውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተጭኖበት ከሆነ ምስጠራው ከመጀመሩ በፊት መረጃው ተወስዷል። የበረራ ትኬት ለማተም ይበቃል፤ ለባንክና ለኢሜይል ግን የራስ ስልክ፣ ቢቻል በሞባይል ዳታ፣ ይመረጣል።