የአሮጌ ቤት መብራት በጥቂት ወጪ ስለ ማደስ

በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ፤ በ1950ዎቹ የሌሊት ጨዋታው ዝናውን ያገነነለት የአራዳ ሰፈር ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ስለዚህ በቀሩት ቤቶች የተንጠለጠለውን የናስና የመስተዋት መብራት ነቅሎ ከመጣል ይልቅ አድሶ መጠቀም የተሻለ ነው።

ባለቤቱ በቅድሚያ የሚለውጠው አምፖሉን ነው። የ60 ዋትን የድሮ አምፖል ብርሃን 9 ዋት ያህል የሆነ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ፤ የፊተኛው በዓመት 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፤ የኋለኛው ግን ከ16 ብዙ አያልፍም።

ሆኖም አምፖል መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ጨርቅ ወይም ጎማ የለበሰ ሽቦ በዘመን ብዛት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱ የእንጨትና የጭቃ፤ ኮርኒሱም የአቡጀዲ ሲሆን እሳቱ ቶሎ ይዛመታል። ስለዚህ የናሱ አካል እንዳለ ይጠበቅና ሽቦውና የአምፖሉ መያዣ ይለወጡ፤ ብረታ ብረት የሆነው መብራትም የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ሥራው ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ተቋርጦ በባለሙያ ይፈጸም።

በዚህ ረገድ የነጋዴው ድርሻ ቀላል አይደለም። አስመጪው ለ220 ቮልት የተሠራና በሰውነቱ ላይ ዋቱና የብርሃኑ መጠን የተጻፈበትን ዕቃ ይምረጥ። ባለሱቁም የሚጠመዘዘውን የ27 ሚሊሜትርና ተገፍቶ የሚቆለፈውን የ22 ሚሊሜትር መያዣ ለየብቻ ያቅርብ፤ አንዲት መያዣ በመታጣቷ ሙሉ መብራት የሚጣልበት ጊዜ አለና። ትንሿን ዕቃ ከሱቁ የማያጠፋ ነጋዴ ደንበኛውንም፤ ቤቱንም ይጠብቃል።