ከቴሌስኮፑ ጀርባ የቆመ ሰው የሚያውቀው

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖይንት ሎቦስ ወደተባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ኦተሮቹ የት ናቸው?» ብሎ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ የሚኖሩትን ፀጉራም እንስሳት ማለቱ ነው። እኛ በጎ ፈቃደኞችም ቴሌስኮፑን ወደ ባሕሩ አዙረን እናሳየዋለን። የማንነግረው ግን ብዙ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት አሉ። እርስዎ ጊዜ ካለዎት ጠጋ ይበሉና ላጫውትዎ።

ስፍራው ከካርመል ከተማ በስተደቡብ፣ በሀይዌይ አንድ ዳር ነው። ሳን ሆዜ ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሱበታል፤ ችግሩ ብዙዎቹ የሚመጡት እሑድ ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ፓርኪንጉ ሞልቷል፣ ነፋሱም ባሕሩን አናውጦታል። በሥራ ቀን፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ይምጡ። ውሃው ለጥ ብሎ ስለሚተኛ ብቅ ያለ ጭንቅላት ሁሉ ይታያል።

የባሕር አንበሶቹን ለማግኘት የኛ እርዳታ አያስፈልግዎትም፤ ጩኸታቸው ከሩቅ ይጠራዎታል። አለቱ ላይ የሚያዩአቸው አብዛኞቹ ወንዶችና ወጣቶች ናቸው። በሰኔና በሐምሌ ጎልማሶቹ ወንዶች ለመራባት ወደ ደቡብ፣ ወደ ቻነል ደሴቶች ስለሚወርዱ አለቱ ሳስቶ ቢያገኙት አይደንግጡ።

ኦተር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ኬልፕ የሚባለው ረጅም የባሕር አልጌ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ እንቡጥ አለው፤ ቁርጥ የኦተር ጭንቅላት ነው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ ጆሮዎን ይመኑ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ከሰሙ ኦተሩ በጀርባው ተንጋሎ፣ ደረቱ ላይ ባስቀመጠው ድንጋይ ዛጎል እየሰበረ ነው። ፍርፋሪ የምትጠብቅ የባሕር ወፍ አጠገቡ ካለች ደግሞ አይጠራጠሩ። አፍንጫዋ የተቧጨረ ወይም የቀላ ካዩ ሴት ናት፤ ወንዱ ሲገናኛት አፍንጫዋን ነክሶ ስለሚይዝ ጠባሳው ይቀራል። አንዳንዶቹን ከዓመት ዓመት የምንለያቸው በዚያ ጠባሳ ነው።

ሰው ሁሉ «ሲጫወቱ እዩአቸው!» ይላል። ጨዋታ አይደለም። ኦተር እንደ አቆስጣ ሳይሆን ከቆዳው ሥር የስብ ሽፋን የለውም። ከብርዱ የሚያድነው ፀጉሩ ብቻ ነው፤ በአንዲት ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከ100 ሺህ በላይ ፀጉር ይበቅላል። ሲገለባበጥና ራሱን ሲያሽ የሚውለው በዚያ ፀጉር መሐል አየር ለማስገባት ነው። በቀን የክብደቱን ሩብ ያህል ይበላል። የምታጠባ እናት ደግሞ ግልገሏ ጡት ሊተው ሲቃረብ የሚያስፈልጋት ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ፎቶ ለማንሣት ተጠግቶ ከእንቅልፏ ሲቀሰቅሳት ምን እንደሚወስድባት ያስቡት። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የሚያንገበግበኝም ታሪካቸውን ስለማውቅ ነው። ለፀጉራቸው ሲባል ታድነው ካሊፎርኒያ ውስጥ ጨርሰው ጠፉ ተብሎ ነበር። በ1938 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከዚህ በስተደቡብ ቢክስቢ ክሪክ አጠገብ የሚኖር ሰው በቴሌስኮፕ ሲመለከት 50 ያህል ሆነው አያቸው። ዛሬ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ያሉት 3 ሺህ ገደማ ኦተሮች ከዚያ ከተረፈው ጥቂት ዘር የወጡ ናቸው።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግና ዋናውን ልንገርዎ፤ የአቆስጣዎቹን። ፈረንጆች «ሲል» የሚሏቸው፣ የጆሮ ቅጠል የሌላቸው፣ በሆዳቸው እየተንፏቀቁ የሚሄዱት ናቸው። ባሕሩ ሲሸሽ ዌለርስ ኮቭ በተባለው ወሽመጥ አለቶች ላይ ተዘርግተው ያገኟቸዋል። እኛ ስንጠብቃቸው የምንመለከተው አንገታቸውን ነው። አንዱ ቀና ብሎ ወደ እርስዎ ካየ፣ ቀርበዋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀና ካለ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ አለዚያ ሁሉም ተግተልትለው ውሃ ውስጥ ይገባሉ። 45 ሜትር ያህል ይራቁ የሚባለው ለዚህ ነው፤ እነሱ ከተረበሹ ግን 45 ሜትርም አይበቃም።

በሚያዝያና በግንቦት ግልገሎች ይወለዳሉ። በዚያ ወቅት ከሁሉ በላይ የምንፈራው ደግ ሰውን ነው። አንዲት ግልገል አሸዋ ላይ ብቻዋን ተኝታ ሲያይ አንጀቱ ይላወሳል፤ እናቷ የሞተች ይመስለዋል። እናቲቱ ግን ምግብ ፍለጋ ሄዳለች፤ ወይም ራሷን ከውሃው አውጥታ ያ ሰው እስኪሄድላት እየጠበቀች ነው። እሱ በቆመ ቁጥር ማጥባቱ ይዘገያል። ማጥባቱ የሚቆየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ስለሆነ የባከነ ሰዓት ሁሉ ከግልገሏ ስብ ላይ ይቀነሳል። በዚያ ወራት አንዳንድ መውረጃዎች ተዘግተው ቢያገኙ ይህን አስበው ይታገሡን።

የታመመ የሚመስል እንስሳ ካዩ ውሃ አያፍስሱበት፣ ወደ ባሕሩም አይግፉት። ያለበትን ቦታ ልብ ብለው በቅርብ ላለ በጎ ፈቃደኛ ይንገሩ። ሳውሳሊቶ የሚገኘው የባሕር አጥቢዎች ማዕከል የሰለጠኑ ሰዎች አሉት፤ እነሱ ናቸው የሚወስኑት። አንዳንዴ ይዘውት ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ ግን «እስከ ማታ ተዉት፣ እናቱ ትመጣለች» ይሉናል፤ እኛም ሰዉን ከአካባቢው እያራቅን እንጠብቃለን።